ኡም ራኩባ፦ ቀኑን የቆጠረ ማኅበር

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስደትን ስናስተምር ብዙውን ጊዜ በሁለት ነገሮች ላይ እናተኩራለን። አንደኛው ምክንያቱ ነው፤ ጦርነት፣ ድርቅ፣ ረሀብ። ሁለተኛው ቁጥሩ ነው፤ ስንት ሺሕ ሰው ወጣ፣ ስንት ሺሕ በመንገድ ቀረ። ተማሪዎቻችንም ምክንያቱንና ቁጥሩን በደብተራቸው ጽፈው፣ አጥንተው ፈተናውን ያልፋሉ። በምክንያቱና በቁጥሩ መካከል ግን አንድ ትልቅ ነገር ተዘሎ ይቀራል። ይኸውም የተሰደደው ሕዝብ በስደት ላይ ሳለ ዕለት ዕለት እንዴት ኖረ የሚለው ጥያቄ ነው። ሰንበቱን እንዴት አከበረ? በዓሉን እንዴት አሰበ? ሬሳውንስ እንዴት ቀበረ?

በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ወደ አንዲት የሱዳን መንደር እንሻገራለን። መንደሯ ኡም ራኩባ ትባላለች። በዚያች መንደር በተቋቋመው የስደተኞች ካምፕ ውስጥ በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ከጎንደርና ከትግራይ የሄዱ በሺሕ የሚቆጠሩ የቤተ እስራኤል ሰዎች ነበሩ። የጸሎት ቤት አልነበራቸውም። እምነታቸውን በግልጽ ለመናገርም አይችሉም ነበር። ይሁን እንጂ ማኅበራቸው አልፈረሰም። ለምን እንዳልፈረሰ መመርመር ለመምህርም ሆነ ለተማሪ የሚጠቅም ትምህርት ይመስለናል።

የቦታው ሁኔታ

ኡም ራኩባ የምትገኘው በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር ሲሆን ከኢትዮጵያ ወሰን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አካባቢው ዐይን እስኪታክት የተዘረጋ የጥቁር ዋልካ አፈር ሜዳ ነው። በክረምት ዝናብ ማሽላና ሰሊጥ ይበቅልበታል። ከኛ አገርም ብዙ ሰው ለአረምና ለአጨዳ ሥራ ወደዚያ መሻገሩ የቆየ ልማድ ነው። በበጋ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዋልካው እግር ይዞ አያስኬድም፣ ወባውም ይነሣል።

ስሙ ራሱ ትምህርት አለው። በሱዳን ዐረብኛ «ራኩባ» ማለት በእንጨት ቆሞ ሣር ወይም አገዳ የለበሰ የጥላ ማረፊያ ነው፤ በእኛ አነጋገር ዳስ ልንለው እንችላለን። «ኡም» ማለት እናት ሲሆን በቦታ ስም ላይ ሲገባ «ባለ...» የማለት ትርጉም ይሰጣል። ስለዚህ ኡም ራኩባን «ባለ ዳሷ» ብንላት ከትርጉሙ ብዙ አንርቅም። በእኛ አገር ዳስ የሚጣለው አንድም ለሠርግ፣ አንድም ለሐዘን ነው። የዚህች የባለ ዳሷ መንደር ታሪክ ወደ ሐዘኑ ያመዝናል።

ማኅበር ምንድን ነው?

ወደ ካምፑ ከመግባታችን በፊት አንድ ቃል ማጥራት ያስፈልገናል። «ማኅበር» ስንል ምን ማለታችን ነው? ሕንፃው ነው? ካህኑ ነው? ወይስ የአባላቱ ብዛት?

በእኛ አገር የጽዋ ማኅበር ያላቸው ሰዎች መልሱን ያውቁታል። የጽዋ ማኅበር የራሱ ሕንፃ አያስፈልገውም፤ በየወሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ይዞራል። ነገር ግን ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ሳይሰጥ ማንም ተነሥቶ አይሄድም። ማኅበሩን ማኅበር የሚያሰኘው ያ ርክክብ ነው፤ የሚመጣው ቀን ተረኛ አለውና።

ከሩቅ አገርም አንድ ምሳሌ እናምጣ። በእንግሊዝ አገር በ17ኛው መቶ ዘመን ራሱን የወዳጆች ማኅበር ብሎ የሚጠራ፣ ሌላው ሰው ግን ኩዌከር የሚለው የክርስቲያን ወገን ተነሥቶ ነበር። ኩዌከሮች በጥንቱ ሥርዓታቸው ሲሰበሰቡ ቅዳሴ የላቸውም፤ በዝምታ ይቀመጣሉ። ልቡ ያሳሰበው ሰው ካለ ተነሥቶ ጥቂት ይናገራል፤ ከሌለም ዝምታው ይቀጥላል። በመጨረሻ ጎን ለጎን የተቀመጡት እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ። ከዚያም አንድ ሰው ይነሣና የሚመጣውን ሳምንት ጉዳይ ያስታውቃል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን ሊጠየቅ እንደሚገባ፣ የሚቀጥለው ስብሰባ መቼና የት እንደሆነ። ይህን ወገን አገራችንም ታውቀዋለች። የጣሊያን ወረራ ካበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 የወዳጆች አምቡላንስ ጓድ የሚባለው፣ ጦር መሣሪያ አናነሣም ያሉ ወጣቶች የተሰባሰቡበት ክፍል፣ ለሕክምና ሥራ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ የእንግሊዝና የአሜሪካ ኩዌከሮች የርዳታ ድርጅቶች የኖቤል የሰላም ሽልማትን በጋራ ተቀብለዋል።

ይህ ማኅበር በመጀመሪያው ዘመኑ ብዙ መከራ ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1664 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጪ ከቤተሰቡ ሌላ ከአምስት ሰው በላይ ሆኖ ለአምልኮ መሰብሰብን ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1682 በብሪስቶል ከተማ የኩዌከሮች ጎልማሶች ሁሉ ወደ ወኅኒ በተወሰዱ ጊዜ ልጆቻቸው በተለመደው ቀን በራሳቸው እየተሰበሰቡ ቀጠሉ። ተደበደቡ፤ ቀኑን ግን አላስታጎሉም። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት አጭር ነው። ማኅበር ማለት የሚቀጥለውን ቀን የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ቤቱ ቢፈርስ፣ ሽማግሌዎቹ ቢታሰሩ፣ ቀኑን የሚያውቅ አንድ ሕፃን እስካለ ድረስ ማኅበሩ አለ።

ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ቤተ እስራኤል እንመለስ።

የቤተ እስራኤል ቀኖች

ቤተ እስራኤል በጎንደር፣ በደምብያ፣ በወገራ፣ በስሜን፣ በወልቃይትና በትግራይ በየመንደሩ ተበታትነው ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩ የአገራችን ሕዝብ ናቸው። ቅዱስ መጽሐፋቸው በግዕዝ የተጻፈ ኦሪት ነው። የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ፣ ካህናታቸውን ቄስ ይሉ ነበር። ወንዶቹ ከእርሻው ሌላ ብረት ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። የጎረቤታቸው ማረሻና ማጭድ፣ ጀበናና ምጣድ ከእጃቸው ይወጣ ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን በአፄ ይስሐቅ ጊዜ ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ ተብሎ እንደታወጀ ይነገራል። «ፈላሻ» የሚለው ስም፣ ሕዝቡ የማይወደው ስም፣ ከዚህ ከመፍለስና ርስት ከማጣት ጋር ይያያዛል። ከዚህም ሌላ ጎረቤቱ በቀን ማረሻውን እያስጠገነ በማታ «ቡዳ» እያለ ይጠራቸው ነበር። ይህን የምናነሣው የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም፤ በኡም ራኩባ የሆነውን ያለዚህ መረዳት ስለማይቻል ነው።

እነዚህ ሰዎች በየመንደሩ ተበታትነው ሳሉ አንድ ያደረጋቸው የጋራ አቆጣጠራቸው ነው። ወሩን በጨረቃ ይቆጥራሉ፤ አዲስ ጨረቃ ስትወጣም ያከብሯታል። በሰባተኛው ጨረቃ መጀመሪያ ብርሃን ሠረቀ ይውላል፤ በዐሥረኛው ቀን አስተሰርዮ፣ የታላቁ ጾም ቀን፣ ይሆናል፤ ከዚያም የዳስ በዓል ይከተላል። በፋሲካ እርሾ የሌለበት ቂጣ ይበላል። ከአስተሰርዮ በ50ኛው ቀን ደግሞ ስግድ ይመጣል። በስግድ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ ጾሞ ወደ ተራራ ይወጣል፤ አንዳንዱም ድንጋይ ይሸከማል። ካህናቱ ኦሪቱን ያነባሉ፤ ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም አቅጣጫ ይሰግዳል። ከሰዓት በኋላ ወርዶ ማዕድ ይቆርሳል። በጎንደር አጠገብ ያለችው የአምቦበር መንደር በዚህ በዓል የታወቀች ነበረች።

ከሁሉ በላይ የሚከበረው ግን ሰንበት ነው። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል፤ ምግቡ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ያድራል፤ ቅዳሜ ውኃ አይቀዳም፣ መንገድ አይኬድም። ሴቶች በወር አበባቸው ጊዜ ከመንደሩ ጥግ ባለ ልዩ ጎጆ ይቀመጣሉ። ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ፣ ታጥቦ ይመለሳል። የሞተ ሰው ተዝካሩ ይወጣል። ይህ ሁሉ ሥርዓት ወንዝ፣ ጎጆና የራስ ጓዳ ይፈልጋል። በሌላ አነጋገር መንደር ይፈልጋል።

ወደ ሱዳን የተሄደበት መንገድ

ኢየሩሳሌምን መናፈቅ ለዚህ ሕዝብ አዲስ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ መሃሪ የተባሉ መነኩሴ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሥተው ነበር፤ ትግራይ እንደደረሱ ረሀብና በሽታ ጉዞውን አስቀረው፤ ብዙ ሰውም አለቀ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዣክ ፋይትሎቪች የተባለ ምሁር መጥቶ ከቤተ እስራኤል ወጣቶችን ወደ አውሮፓ ወስዶ አስተማረ። ከእነዚህ አንዱ የነበሩት ታምራት አማኑኤል በኋላ በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1923 የተከፈተውን ትምህርት ቤት መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 የእስራኤል መንግሥት ቤተ እስራኤልን በመመለስ ሕጉ መሠረት ተቀባይነት እንዳላቸው አጸደቀ። ይሁንና የኢትዮጵያና የእስራኤል ግንኙነት በ1966 ዓ.ም. ተቋርጦ ስለነበር፣ ከአብዮቱም በኋላ ከአገር መውጣት በጥብቅ የተከለከለ ስለሆነ በሩ ተዘግቶ ቆየ።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ባልደረባችንን ስም ማንሣት ይገባናል። ፈረደ አክሉም ከትግራይ የተነሡ የቤተ እስራኤል ተወላጅ መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሸሽተው ሱዳን ከገቡ በኋላ ከእስራኤል ሰዎች ጋር ተገናኝተው በሱዳን በኩል መውጫ መንገድ እንዲከፈት አደረጉ። ወሬው በየመንደሩ በሹክሹክታ ተሰማ። በመጀመሪያ ጥቂት ወጣቶች፣ ቀጥሎ ቤተሰቦች፣ በመጨረሻም በ1976 ዓ.ም. መንደሮች በሙሉ ተነሡ። ያ ዓመት በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ድርቁና ጦርነቱ የተደራረቡበት ዓመት እንደነበር እናስታውሳለን።

ጉዞው ሌሊት ሌሊት፣ በእግር፣ ሳምንታት የሚፈጅ ነበር። ሽማግሌዎችና ነፍሰ ጡሮች ነበሩበት። ሽፍታ ዘረፋቸው፤ ቆላው ውኃ አሳጣቸው። ከስደቱ የተረፉት ሰዎች በኋላ በሰጡት ምስክርነት ደጋግመው የሚያነሡት ነገር ቢኖር በመንገድ ላይ እንኳ ሰንበትን ለማክበር ያደረጉትን ጥረት ነው። ዓርብ ማታ ለመቆም ፈለጉ፤ መቆም ደግሞ ለመያዝ ያጋልጣል። በየሳምንቱ ይህን መወሰን ነበረባቸው።

በካምፑ ውስጥ

ኡም ራኩባ ሲደርሱ ጥቂት ቀን ቆይተን እናልፋለን ብለው ነበር። ብዙዎቹ ወራት፣ አንዳንዶቹም ከዓመት በላይ ቆዩ። ሱዳን የዐረብ ሊግ አባል ነበረች፤ ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ በመስከረም 1983 እ.ኤ.አ. የሸሪዓን ሕግ አውጀው ነበር። ስለዚህ ይሁዲ ነኝ ማለት የሚያሳስር ነገር ሆነ። ነገር ግን የተሸሸጉት ከሱዳን ጸጥታ ሠራተኞች ብቻ አልነበረም። በካምፑ ውስጥ ከእነርሱ ጋር ተሰድደው ከነበሩት ከገዛ አገራቸው ሰዎች ከአንዳንዶቹም ጭምር ነበር። የቡዳነቱ ሐሜት ወሰኑን አብሮ ተሻግሯልና። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው የአበው ተረት በዚያ ቦታ አልሠራም። አንድ ረሀብና አንድ ጦርነት ያባረራቸው፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ጎን ለጎን በተተከለ ጎጆ እየኖሩ አንደኛው ከሌላው ማንነቱን ይደብቅ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን ኢትዮጵያውያንን ሊያስቆመን የሚገባ ነጥብ ይህ ነው።

እስቲ ሰንበትን እንውሰድ። በአምቦበር ወይም በወለቃ የሚኖር ሰው ቅዳሜ እሳት ባያነድ ማንም አይደነቅም፤ መንደሩ ሁሉ አያነድምና። በካምፕ ግን ጭስ የማይወጣበት ጎጆ ራሱ ይናገራል። ከጉድጓዱ ውኃ ለመቅዳት ያልመጣች ሴት ትታያለች። ሌላው ያረደውን ሥጋ የማይበላ ሰው ለምን እንደማይበላ ይጠየቃል። አምልኮ ሁሉ ምልክት ስላለው የሸሸገ ሰው ምልክቱን ሁሉ መሸሸግ አለበት። ለሴቶች የሚሆን ልዩ ጎጆ መሥራት አይቻልም ነበር። ሌላውን ላለመንካት ሲጠነቀቅ የኖረ ሕዝብም በሰልፍና በመጠለያ መጨናነቅ ውስጥ ያንን ሥርዓት ሊጠብቅ አልቻለም።

ታዲያ ምን ቀረ? የቀረው ቆጠራው ነው። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ነገ ሰንበት ነው። ጨረቃዋ ወጥታለች፤ ከአስተሰርዮ ይህን ያህል ቀን ይቀራል። መስጊድ ባይኖርም ጨረቃ በኡም ራኩባም ትወጣለች። ተራራ ባይኖርም ኢየሩሳሌም ያለችበት አቅጣጫ አይጠፋም። ልጆች በአገር ቤት ሳሉ ሽመላ ሲያልፍ ስለ ኢየሩሳሌም የመጠየቅ ልማድ ነበራቸው፤ ሽመሎች ከሰሜን ሲመጡ በምሥራቅ ሱዳን የማሽላ እርሻዎችም ላይ ያርፋሉ።

ቆጠራው በአፍ ከሚነገር ይልቅ በሹክሹክታ የሚተላለፍ ሆነ። የኩዌከሮቹ ስብሰባ ሲያበቃ የሚቀጥለው ቀን በግልጽ ይነገራል፤ በእኛም ጽዋው በሁሉ ፊት ይሰጣል። በኡም ራኩባ ግን የሚቀጥለው ቀን ከእናት ወደ ልጅ ጆሮ ብቻ ይተላለፍ ነበር። በብሪስቶል ልጆች ቀኑን ጠበቁ ብለን ነበር። በኡም ራኩባም ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ብዙ ልጆች ነበሩ፤ ማንነታቸውን ሳይናገሩ፣ ማንነታቸውን ሳይረሱ የመቆየት ከባድ ሥራ በትከሻቸው ላይ ወደቀ።

ያልወጣው ተዝካር

የ1976 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ ሞት በካምፑ በረታ። ከረሀብና ከመንገድ ድካም የደረሰ ሕዝብ ላይ ወባ፣ ኩፍኝና ተቅማጥ ወረደበት። ከሁሉ ይልቅ የተጎዱት ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። በመንገድና በሱዳን ካምፖች ያለቁት የቤተ እስራኤል ሰዎች 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ያረፉት በኡም ራኩባ ነው።

ተማሪዎቻችን ይህን ቁጥር ከመጻፋቸው በፊት ከሥርዓቱ ጋር ያገናዝቡት ዘንድ እንጠይቃለን። ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን መለየት አለበት ብለን ነበር። በአንድ ጎጆ በሳምንት ሁለት ሦስት ሰው ሲሞት ማን ከማን ይለያል? ለሟች ተዝካር ይወጣል ብለን ነበር። እህል በራሽን ለሚቀበል፣ ሐዘኑን ጮክ ብሎ ለማልቀስ ለሚፈራ ሰው ተዝካር ከየት ይመጣል? እነዚያ ሰዎች ሬሳቸውን እንደ ሥርዓታቸው ሳይሆን እንደተቻላቸው ቀበሩ። ሙት በወግ ያልተቀበረበት፣ ተዝካሩ ያልወጣለት ቤተሰብ የሚሸከመውን ዕዳ የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

መዝገቡና ሌሊቱ

በዚህ መከራ መካከል ሥራ ይሠሩ የነበሩ ወጣቶች ነበሩ። ሕዝቡ «ኮሚቴ» ይላቸው ነበር። ከእስራኤል ሰዎች የሚላከውን ገንዘብ በስውር ያድላሉ፤ የቤተሰቦችን ስም ይመዘግባሉ፤ በቅድሚያ ማን እንደሚወጣ ይወስናሉ። ወላጅ አልባ ልጆች፣ በሽተኞች፣ ባል የሞተባቸው ሴቶች ይቀድማሉ። ከተያዙ እስርና ግርፋት ይጠብቃቸዋል። ማኅበር ያለ ሕንፃ ሊኖር ይችላል፤ ያለ አገልጋይ ግን ሊኖር አይችልምና እነዚህን ወጣቶች ከካህናቱ ጋር አብረን ልንቆጥራቸው ይገባል።

በመጨረሻ በሱዳን፣ በአሜሪካና በእስራኤል መንግሥታት መካከል በስውር የተደረገው ስምምነት ሥራ ላይ ዋለ። ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም. በኋላ ኦፕሬሽን ሙሴ የተባለው ማጓጓዝ ተጀመረ። ስደተኞቹ ሌሊት ከገዳሪፍ አካባቢ በአውቶቡስ እየተጫኑ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ካርቱም ይደርሳሉ፤ ከዚያም በአንድ የቤልጂግ አየር መንገድ አውሮፕላኖች በብራስልስ በኩል ወደ እስራኤል ይሄዳሉ። አንድ ነገር ልብ እንበል። በዕብራውያን አቆጣጠር በዚያ ዓመት የስግድ በዓል የሚውለው የመጀመሪያው አውሮፕላን በተነሣበት በዚያው ሳምንት ነበር። መንገዱን ያቀዱት ሰዎች ይህን አስበው አልነበረም። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ወደ ኢየሩሳሌም ሲሰግድ ለኖረ ሕዝብ ግን ቀኑ ምን ትርጉም እንደሚኖረው መገመት አያስቸግርም።

ከ30 በላይ በረራዎች ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው ወጣ። ነገር ግን ወሬው በውጭ አገር ጋዜጦች በመውጣቱ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. ማጓጓዙ በድንገት ቆመ። ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በካምፕ ቀሩ፤ እናት ሄዳ ልጅ የቀረበት፣ ባል ሄዶ ሚስት የቀረችበት ነበር። መጋቢት 13 ቀን የአሜሪካ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ከገዳሪፍ አጠገብ ከነበረ ማረፊያ ወደ 500 ሰው አነሡ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ መጋቢት 28 ቀን የኒሜሪ መንግሥት ወደቀ፤ ምክትላቸው የነበሩት ዑመር አል ጠይብም በዚሁ ማጓጓዝ ምክንያት ተከስሰው ተፈረደባቸው። በኢትዮጵያ የቀሩት ዘመዶቻቸው አብዛኞቹ በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በኦፕሬሽን ሰሎሞን ከአዲስ አበባ ተጓዙ፤ ቁጥራቸውም ከ14,000 በላይ ነበር።

የኡም ራኩባ ቀን ዛሬ

ታሪኩ በአውሮፕላኑ አያበቃም። በእስራኤል አዲስ ኑሮ የጀመሩት ሰዎች ሌላ ችግር ገጠማቸው፤ በሥራና በትምህርት፣ በቆዳ ቀለምም ጭምር የሚደርስባቸውን አድልዎ በአደባባይ እየወጡ ሲቃወሙ ቆይተዋል። ሆኖም ሁለት ቀኖቻቸውን ወደ አደባባይ አውጥተዋል። አንደኛው ስግድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ሕግ የመንግሥት በዓል ሆነ። ሁለተኛው በሱዳን መንገድ ላይ ያለቁት የሚታሰቡበት ቀን ነው። ይህ ቀን በእስራኤል የኢየሩሳሌም ቀን በሚባለው ዕለት ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ መታሰቢያው የጎጆዎች ቅርጽ አለው፤ የሟቾቹም ስም ይጻፍበታል። በኡም ራኩባ ያልወጣው ተዝካር እነሆ ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ በጎጆ አምሳል በተራራ ላይ ወጣ ማለት ይቻላል።

ኡም ራኩባም ራሷ አልተዘጋችም። ካምፑ ለሃያ ዓመት ያህል ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲጀመር እንደገና ተከፈተ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ40,000 በላይ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገረ፤ ከዚህም ከፊሉ በኡም ራኩባ ሰፈረ። በኅዳር ወር ስደተኞቹ ከካምፑ አጠገብ ባለች ቤተ ክርስቲያን የእሑድ ጸሎት ሲያደርሱ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በዓለም ጋዜጦች ወጡ። ነጠላ ያጣፉ ሴቶች ግንባራቸውን ወደ ምድር ደፍተው ይታያሉ። ሃይማኖቱ ሌላ ነው፤ ዘመኑም ሌላ ነው። ሜዳው ግን ያው ነው፤ ሥራውም ያው ነው፤ አገር ሲጠፋ ቀኑን አለመጣል። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በራሷ በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ሱዳናውያንም ወደ ገዳሪፍ ተሰድደዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ እኛ አገር ገብተዋል። ትናንት ዳስ ያበደረን ሕዝብ ዛሬ ዳስ ፈላጊ ሆኗል።

ለመምህራንና ለተማሪዎች

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮች እንድንወስድ እንመክራለን። አንደኛው፣ አንድ ማኅበር መኖሩንና አለመኖሩን የምንለካው በሕንፃው ወይም በአባላቱ ብዛት ብቻ መሆን የለበትም። የሚጠብቀው ቀን፣ የሚያስበው ሙት፣ ቀኑን የሚያስረክበው ልጅ አለው ወይ ብለን መጠየቅ ይገባናል። ሁለተኛው ለእኛ ይከብዳል። በኡም ራኩባ አንድ ኢትዮጵያዊ ሰንበቱን ከሌላው ኢትዮጵያዊ ይደብቅ ነበር። ያንን ፍርሃት ያመጣው ሱዳን ሳይሆን ከአገር ቤት ይዘነው የሄድነው ስም ነው። ዛሬ በክፍላችን ውስጥ ከተለየ እምነት ወይም ከተለየ ሙያ ቤት የመጣ ልጅ ካለ፣ በዓሉ መቼ እንደሆነ ሳይፈራ ሊናገር ይችላልን? ለፈተና ቀን ስንቆርጥስ የእርሱን ቀን እንጠይቃለንን? የኡም ራኩባ ትምህርት የሚጀመረው ከዚህ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. በሰፈራችሁ ያለ አንድ ማኅበር፣ ዕድር ወይም ጽዋ የሚቀጥለውን ቀን ለአባላቱ የሚያስታውቀው እንዴት ነው? ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ጻፉ።

2. ቤተ እስራኤል በኡም ራኩባ ሊጠብቁ የቻሉትንና ያልቻሉትን ሥርዓት በሁለት ዓምድ ለይታችሁ አሳዩ። ልዩነቱ ከምን የመጣ ይመስላችኋል?

3. ከቤተሰባችሁ ወይም ከአካባቢያችሁ ሱዳን ተሰድዶ የተመለሰ ሰው ካለ፣ በዚያ ሳለ በዓሉን እንዴት ያሳልፍ እንደነበር ጠይቁትና መልሱን በክፍል ውስጥ አንብቡ።